«ዜሮ» እና «ታራ» አንድ አይደሉም

ሚዛን የተገጠመለት ፓሌት ትራክ (ፓሌትን፣ ማለትም ዕቃ የሚደረደርበትን ጠፍጣፋ መደብ፣ በሹካው አንስቶ የሚያጓጉዝ ጋሪ) ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው እነዚህን ሁለት ቁልፎች ነው። ዜሮ የሚጫነው ሹካው ባዶ ሲሆን ነው፤ ሚዛኑ መነሻውን እንዲይዝ። ታራ ግን የባዶውን ፓሌት ክብደት ይቀንሳል። ባዶ ፓሌት አንስተው 25 ኪሎ ቢያሳይ፣ ታራ ሲጫኑ 0 ይሆናል። ከዚያ ዕቃው ተጭኖ 480 ካለ የተጣራ ክብደቱ ያ ነው፤ ጠቅላላው 505። ሁሉንም ሲያወርዱ ስክሪኑ −25 ቢል አይደንግጡ፤ ታራው አልተሰረዘም ማለት ነው። የሚቀጥለው ፓሌት በዝናብ የራሰ ከሆነ ግን የቀድሞው ታራ ያሳስታል፣ አዲስ ይያዝለት።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ሌላ ነው፦ ጭነቱን በደንብ ሳያነሱ ማንበብ። የፓሌቱ አንድ ጥግ ወለሉን ከነካ፣ ከክብደቱ ከፊሉን የተሸከመው ወለሉ ነው።