ቦዬ ላይ ጉማሬ አለ፦ ስለ ጅማ የተፈጥሮ መስህቦች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ጥር ዘመዶቼ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጡ። ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን። ስንወርድ አንዷ የአክስቴ ልጅ የባጃጁን ሹፌር «ሌላ የሚታይ ምን አለ?» አለችው። ልጁ ትንሽ አሰበና «በቃ፣ ይኸው ነው» አላት። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። እንዲያ እርግጠኛ ሆኖ መናገሩ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

እንደሱ የሚያስበው ብዙ ሰው ነው። ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር የምሰማቸው አባባሎች አሉ። አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ጅማ ከቤተ መንግሥቱ ሌላ የሚታይ ነገር የላትም»

ቤተ መንግሥቱ ትልቅ ቅርስ ነው። እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ እንዳሉ ቦዬ አለ። ቦዬ ውኃ ላይ ጉማሬ ይኖራል። ይህን ያህል ሕዝብ ከሚኖርበት ከተማ አጠገብ፣ በባጃጅ በሚደረስበት ቦታ፣ ጉማሬ! ይህን ስንቱ ከተማ አለው?

እዚያው ረግረጉ ላይ ራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል የደፋ የሚመስል፣ እግረ ረጅም ወፍ ይታያል። ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን ነው። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ከተባሉት ወፎች አንዱ ነው። እኛ ግን ከብት መሃል ሲንጎራደድ አይተነው እናልፋለን።

በሰቃ ጨቆርሳ በኩል ፏፏቴ አለ። ወደ ቦንጋ ሲወጡ ሸቤ አካባቢ መንገዱ በለጠ የሚባለው ደን ውስጥ ይገባል፤ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል መኪና ውስጥ ሆነው ያዩታል። በአጋሮ በኩል ደግሞ ጎማ ወረዳ ጮጬ አለ። የአካባቢው ሰው ቡና የተገኘው እዚህ ነው ይላል።

«ረግረግ ባዶ መሬት ነው»

ይህኛው በጣም ያመኛል። ብዙ ጉዳት ያደረሰው እሱ ስለሆነ።

አባባሉ እዚህ አገር መነገሩ ራሱ ይገርመኛል። ጨፌ ማለት በኦሮምኛ ለምለም ረግረጋማ መስክ ነው። የገዳ ሸንጎ የሚቀመጠው እንዲህ ያለ መስክ ላይ ስለነበር የክልሉ ምክር ቤት እስከ ዛሬ ጨፌ ይባላል። ቡና ስናፈላ የምንጎዘጉዘው ቄጠማስ ከየት የሚመጣ ይመስለናል? ከዚሁ «ባዶ» ከምንለው መሬት ነው።

ሥራውን ደግሞ እንይ። ከተማውን አቋርጦ የሚሄደው አዌቱ ያላንዳች ማጣሪያ የኛን ቆሻሻ ይዞ ወደ ቦዬ ይወርዳል። ረግረጉ ውኃውን ያዘገየዋል። ደለሉ እዚያ ይቀመጣል፣ ሣሩም ከቆሻሻው የተወሰነውን ይይዛል። ከዚያ ውኃው ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይቀጥላል። ወንዙ ላይ ያለው «ግልገል ጊቤ አንድ» 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው። ረግረጉ ሲደርቅ ደለሉ የሚያርፈው ግድቡ ውስጥ ነው።

ግን ምን እያደረግን ነው? ጭቃው ለጡብ ይቆፈራል። ዳር ዳሩ ባሕር ዛፍ ይተከላል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ውኃ ይመጥጣል። ቦይ ተቀድዶ በቆሎ ይዘራል። እያንዳንዱ ሰው የኑሮውን ነው የሚያደርገው፣ ልፈርድበት አልችልም። ሲደመር ግን ጉማሬውም ክሬኑም መኖሪያ ያጣሉ።

«ማልማት ማለት መገንባት ነው»

የተፈጥሮ ቦታ ይልማ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሎጅ፣ የድንጋይ አጥርና ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ነው። እውነት ነው፣ ማረፊያ ያስፈልጋል። ሆኖም ግንባታ ካልታሰበበት የመጣንበትን ነገር ራሱን ያጠፋዋል።

ጉማሬን እንውሰድ። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ቆዳው ፀሐይ አይችልም። ሲመሽ ወጥቶ አጭር ሣር ይግጣል። አሁን ዳርቻውን በሲሚንቶ ብንገነባውና መብራት ብንደረድርበት ማታ በየት በኩል ይወጣል? ወይ በረሃብ ይሄዳል፣ ወይ በሰው ማሳ ይገባል። ያኔ ገበሬውና ጉማሬው ይጣላሉ። ተጎጂው ደግሞ ሁለቱም ነው።

ለቦዬ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ትንንሽ ነገር ነው። አስፋልቱ ላይ አንድ ምልክት። ረግረጉን ሳይረግጡ የሚያዩበት ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ መሄጃ። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ በተለይ ለሴቶች። የወፎቹን ስም የሚያውቁ አምስት ስድስት የሰለጠኑ የሰፈር ልጆች። ደረሰኝ ያለው የመግቢያ ክፍያ፣ ከሱም ለአካባቢው የሚቀር ድርሻ። ከሁሉም በፊት ደግሞ የአዌቱን ቆሻሻ ከላይ ከከተማው ማስቆም። ውኃው ከሸተተ ማንም ሁለተኛ አይመጣም።

ወንጪን እዩ። ዛሬ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሎጁ ነው። ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት ግን የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው በተራ ፈረስ እያከራዩ፣ እንግዳ እየመሩ ነበር። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሲባል ያ ሁሉ ልምድ ከሥሩ ነበረ።

«ጫካው ዝም ብሎ የተቀመጠ መሬት ነው»

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን አረንጓዴ ፍሬ አጥቁሮ የሚያደርቅ በሽታ አገራችን ገባ። ገበሬው ምርቱን እያየ አጣ። መልኮ ባለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠሩ ባለሙያዎች መፍትሔውን የፈለጉት እዚሁ ደቡብ ምዕራብ ውስጥ፣ በሽታውን በራሳቸው የተቋቋሙ የቡና ዛፎችን እየለቀሙ ነው። ገበሬዎቻችን ዛሬም በቁጥር የሚጠሯቸው 74110 እና 74112 ያኔ የተገኙ ናቸው። 74 የተመረጡበትን 1974 እ.ኤ.አ. ያመለክታል።

እንዲህ ዓይነት ዛፍ ሊገኝ የቻለው ቡና የተፈጠረበት ደን ውስጥ ዝርያው እጅግ ብዙ ስለሆነ ነው። ነገ ሌላ በሽታ ቢመጣ የምንሮጠው ወደዚያው ነው። እንግዳን በለጠ ደን ወስዶ ይህን ታሪክ መንገር ከየትኛውም ሐውልት ይበልጣል ባይ ነኝ።

«ሰዎቹ ካልወጡ ቦታው አይጠበቅም»

የበለጠ ገራ ደን ተቃራኒውን አሳይቷል። እዚያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጁ። ማኅበሩ ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና፣ ባጭሩ ዋቡብ ይባላል። ከመንግሥት ጋር ተዋውለው ደኑን ይጠብቃሉ፣ በምትኩ የጫካ ቡናና ማር ይጠቀማሉ። ቡናቸው የሬይንፎረስት አሊያንስ ምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ተሸጧል። ቡናው ጥላ ይፈልጋል፤ ዛፉ ከተቆረጠ ቡናውም ይሄዳል። ይህን ከገበሬው በላይ የሚያውቅ የለም።

በሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ የሣር መሬትም እንዲሁ ነው። ሕዝቡ ቄሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ በጊዜው እየከፈተ ለዘመናት ጠብቆ ኖሯል።

«ፈረንጅ ካልመጣ ቱሪዝም የለም»

ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ከመላ አገሪቱ ተማሪ ይቀበላል። ለምረቃ ቤተሰብ ይጎርፋል። ወደ ቦንጋና ሚዛን የሚያልፈው መኪና ምሳውን እዚህ ይበላል። እነዚህ ሰዎች አንድ ሌሊት ቢጨምሩ አልጋ ያከራየው፣ ቡና ያፈላችው፣ በርጩማ የጠረበው ሁሉ ያገኛል።

«ጅማ ዝናብ ነው፣ መቼ ይጎበኛል?»

ዝናቡ ብዙ ነው፣ ልክ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን መንገዱ ደረቅ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ቡናው ቀልቶ ይለቀማል። የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቡናው ነጭ አበባ ያወጣል። አበባው የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ሽታው ግን መኪና አስቁሞ ያስወርዳል።

ዘመዶቼን በማግስቱ ቦዬ ወሰድኳቸው። ያው የባጃጁ ልጅ ነው ያደረሰን። መሄድ ለምትፈልጉ፣ ጥሩው ሰዓት ከቀኑ አሥር ተኩል እስከ አሥራ አንድ ነው። ራቅ ብላችሁ ቁሙ። በጉማሬውና በውኃው መሃል በፍጹም አትግቡ፣ መመለሻው የተዘጋበት ሲመስለው አደገኛ ነው። ሲጨልም አትቆዩ። የፕላስቲክ ጠርሙሳችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ልጁ ባጃጁን አቁሞ አብሮን ቆመ፤ ከውኃው በላይ ብቅ ያሉትን ጆሮዎች በጣቱ እየቆጠረ፣ እየተሳሳተ፣ እንደገና ከአንድ እየጀመረ።