ከደንቡ ገደብ ውጭ የዲጂታል ጌም ክፍያን ማስመለስ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ ለባሕር ዳር ገዢዎች

ከገደብ ውጭ ገንዘብ ማስመለስ ማለት በኢንተርኔት የተገዛ የኮምፒውተር፣ የኮንሶል ወይም የስልክ ጌም የሻጩ መደብር በደንቡ ያስቀመጠው የቀን ወይም የጨዋታ ሰዓት ጣሪያ ካለፈ በኋላ፣ ክፍያው እንዲመለስ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። በአብዛኛው አገር ይህ በሕግ የተረጋገጠ መብት ሳይሆን በመደብሩ በጎ ፈቃድ የሚሠራበት አሠራር ነው። በባሕር ዳር ጌም የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ በራሱ የባንክ ካርድ ስለማይከፍል፣ ተመላሹ በማን እጅ ይገባል የሚለው ጥያቄ ከቀኑና ከሰዓቱ ባላነሰ ውጤቱን ይወስናል።

መደበኛው ገደብ

በኮምፒውተር ጌም ሽያጭ ቀዳሚ የሆነው ስቲም፣ በባለቤቱ በቫልቭ ኩባንያ አማካይነት፣ የአሁኑን ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2015 ነው። በደንቡ መሠረት ጌሙ ከተገዛ 14 ቀን ያልሞላውና ከ2 ሰዓት በታች የተጫወተበት ሰው በማንኛውም ምክንያት ቢጠይቅ ገንዘቡ ይመለስለታል። ገደቡን ያለፈ ሰውም ቢሆን መጠየቅ እንደሚችልና ጥያቄው እንደሚታይለት ደንቡ ራሱ ይናገራል፤ የዚህ ጽሑፍ ርዕሰ ጉዳይ በሙሉ የተመሠረተው በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው ማለት ይቻላል። ቀድመው ለተከፈለባቸው ጌሞች ቆጠራው የሚጀምረው ከሚወጡበት ቀን ነው፤ ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2024 ወዲህ ግን ጌሙ በይፋ ከመውጣቱ በፊት በቅድሚያ መግቢያ የተጫወቱት ሰዓት ከ2 ሰዓቱ ላይ ይቆጠራል።

ኤፒክ ጌምስ ስቶር ተመሳሳይ የ14 ቀንና የ2 ሰዓት ገደብ ይጠቀማል። ጎግ የተባለው የፖላንድ መደብር ከእ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮ ጌሙ ወርዶ ቢጫወቱበትም እስከ 30 ቀን ድረስ ይመልሳል፤ ከሁሉም ለጋሱ እሱ ነው። ፕሌስቴሽን 14 ቀን ይሰጣል፣ ነገር ግን ጌሙ መውረድ ከጀመረ ዕድሉ ይዘጋል። ኒንቴንዶ የዲጂታል ሽያጭን በጥቅሉ የመጨረሻ አድርጎ ይወስዳል።

ገደቡ እንዴት መጣ

ከእ.ኤ.አ. 2015 በፊት በስቲም ገንዘብ ማስመለስ እንደ ልዩ ቸርነት የሚታይ ነገር ነበር። ቀድሞ በሩን የከፈተው ኦሪጅን የተባለው የኤሌክትሮኒክ አርትስ መደብር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2013 የራሱን ጌሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ከተከፈቱ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ወይም ከተገዙ በ7 ቀን ውስጥ መመለስን ፈቀደ።

በዝርዝር ተመዝግቦ የሚገኘው የአውስትራሊያው ክርክር ነው። የአገሪቱ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 ቫልቭን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ የክሱ ፍሬ ነገር ኩባንያው ለሸማቾች «ምንም ዓይነት ተመላሽ የማግኘት መብት የላችሁም» የሚል መልእክት ያላቸውን የውል ቃላት መጠቀሙ ነበር። ቫልቭ የተመዘገበው በአሜሪካ በመሆኑ በአውስትራሊያ ንግድ እንደማያካሂድ፣ የሚያቀርበውም ዕቃ ሳይሆን አገልግሎት እንደሆነ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ሁለቱንም መከራከሪያዎች ውድቅ አደረገ፤ በአገሪቱ 2.2 ሚሊዮን ገደማ አካውንት ያለው ድርጅት እዚያ እንደማይነግድ ሊናገር እንደማይችልና የኮምፒውተር ጌምም በአውስትራሊያ የሸማቾች ሕግ «ዕቃ» ተብሎ እንደሚቆጠር ወሰነ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር 3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ተጣለበት፤ ይግባኙ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ውድቅ ሆነ፣ የመጨረሻው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በኤፕሪል 2018 ጉዳዩን ለመስማት አልፈቀደም። በ2020 ደግሞ የፕሌስቴሽን ባለቤት የሆነው የሶኒ የአውሮፓ የጌም ክፍል፣ ጌሙ ከወረደ ወይም 14 ቀን ካለፈ ተመላሽ የለም እያለ ሸማቾችን በማሳሳቱ በዚያው አገር 3.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጥቷል።

የ2015ቱ የስቲም ደንብ የወጣው በዚህ ክስ ግፊት ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች በእ.ኤ.አ. ጁን 2014 ሥራ ላይ የዋለውን የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች መመሪያ ይጠቅሳሉ። የጊዜው ቅደም ተከተል ለሁለቱም ይስማማል። ያም ሆነ ይህ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ክፍለ ከተማ ላፕቶፑን ከፍቶ «ገንዘቤ ይመለስልኝ» የሚለውን የሚጫን ወጣት፣ ባላየው ፍርድ ቤት የተከፈተ በር መጠቀሙ ሊዘነጋ አይገባም።

ገደቡ የተነሣባቸው ጊዜያት

አንድ ጌም በሰፊው ሲበላሽ ገደቡ ለሁሉም ገዢ ይነሣል። የመጀመሪያው ጎልቶ የሚጠቀሰው «ባትማን፦ አርካም ናይት» ነው፤ የኮምፒውተር ቅጂው እ.ኤ.አ. በጁን 2015 በወጣ በማግስቱ ከሽያጭ ታገደ፣ በኦክቶበር ተጠግኖ ሲመለስም ችግሩ ስላልለቀቀው እስከ ዓመቱ መጨረሻ የፈለገውን ያህል ለተጫወተ ሁሉ ሙሉ ተመላሽ ተፈቀደ። «ሳይበርፐንክ 2077» በዲሴምበር 2020 ሲወጣ ሶኒ ከመደብሩ አንሥቶ ለጠየቀ ገዢ ሁሉ ገንዘቡን መለሰ፤ ጌሙ ወደ ፕሌስቴሽን መደብር የተመለሰው በጁን 2021 ነው። «ዘ ዴይ ቢፎር» በዲሴምበር 2023 ወጥቶ ሠሪው ስቱዲዮ በአራተኛው ቀን መዘጋቱን አስታወቀ፣ «ኮንኮርድ» ደግሞ በኦገስት 2024 ወጥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተዘጋ፤ በሁለቱም የጨዋታ ሰዓት ሳይቆጠር ገንዘብ ተመለሰ።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው የ«ሄልዳይቨርስ 2» ጉዳይ ነው። በሜይ 2024 መጀመሪያ ሶኒ የስቲም ተጫዋቾች የፕሌስቴሽን ኔትወርክ (የሶኒ የኢንተርኔት ጌም አገልግሎት) አካውንት እንዲያገናኙ ግዴታ ጣለ። ኔትወርኩ አገልግሎት የሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ስለዚህም ጌሙ ኔትወርኩ በማይደርስባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ወጣ፣ ብዙ ሰዓት የተጫወቱ ሰዎችም ገንዘባቸው እንደተመለሰላቸው በስፋት ተዘገበ። ሶኒ ከተቃውሞው በኋላ ግዴታውን በቀናት ውስጥ ቢያነሣም፣ ጉዳዩ በአገር አለመመዝገብ ራሱ የተመላሽ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል።

ክፍያው በባሕር ዳር

ስቲም በብር አይሸጥም፤ የኢትዮጵያ ዋጋ የሚታየው በዶላር ነው። ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው ገዢ ሦስት መንገዶች ይከተላል። የመጀመሪያው በቴሌግራም ከሚሠሩ ነጋዴዎች ጊፍት ካርድ በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር መግዛት፣ ሁለተኛው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ጌሙን በስጦታ እንዲልክ ማድረግ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጌም የተጫነበት አካውንት ከሌላ ሰው መግዛት ነው።

ሦስቱም ተመላሹን በየራሳቸው ያወሳስቡታል። ከሦስተኛ ወገን የተገዛ የጊፍት ካርድ ኮድ ራሱ በስቲም አይመለስም፤ በኮዱ የተገዛው ጌም ቢመለስ እንኳ ገንዘቡ የሚገባው ወደ ስቲም ዋሌት (በአካውንቱ ውስጥ ወዳለው የገንዘብ ቋት) ብቻ ሲሆን ወደ ብር የሚቀየርበት መንገድ የለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በፊት ዋሌቱን ሞልቶ የነበረ ሰው በብር ሲሰላ ማትረፉ እውነት ነው፣ ትርፉ ግን ሌላ ጌም ለመግዛት ካልሆነ በስተቀር ጥቅም ላይ አይውልም። ስጦታ ሲሆን ጥያቄውን ማስገባት ያለበት ተቀባዩ ነው፤ ቨርጂንያ ያለችው አክስት ሳትሆን ጣና ክፍለ ከተማ ያለው ልጅ መጫን ይኖርበታል፣ ገንዘቡ ግን ወደ አክስቱ ካርድ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለው የቤተ ዘመድ ሒሳብ ነው። ከሌላ ሰው የተገዛ አካውንት ከመደብሩ ውል ውጭ በመሆኑ ገንዘብ ለማስመለስ መሞከር ይባስ ብሎ አካውንቱን ሊያሳጣ ይችላል።

በከተማዋ ፕሌስቴሽን ቤቶች ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ኢትዮጵያ በኔትወርኩ ዝርዝር ስለሌለች አካውንቱ የሚከፈተው በሌላ አገር ስም ሲሆን፣ የዚያው አገር ጊፍት ካርድ ይገዛለታል። የዓመቱ የኳስ ጌም በተገዛ ቅጽበት መውረድ ስለሚጀምር፣ ባለቤቱ ሐሳቡን ለመቀየር ጊዜ የለውም ማለት ይቻላል።

ጥያቄው እንዴት ይጻፋል

ስቲም የጨዋታ ሰዓት የሚቆጥረው ጌሙ ክፍት ሆኖ የቆየበትን ጊዜ ሁሉ ነው፤ ምናሌ ላይ መቆምም ይቆጠራል። በኦገስት 2020 የወጣው «ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር» አብዛኛውን ፋይሉን የሚያወርደው ከተከፈተ በኋላ ስለነበር፣ ብዙ ገዢዎች አንድም አውሮፕላን ሳያነሡ 2 ሰዓቱ አለቀባቸው። ኢንተርኔቱ በሚንቀራፈፍበት፣ መብራትም በሚጠፋበት ከተማ ይህ የበለጠ ይከብዳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት በተቋረጠበት ወቅት ደግሞ 14 ቀኑ ሰው መጠየቅ ሳይችል ያልፍ ነበር።

ጥያቄን እንደ ላቦራቶሪ ሪፖርት መጻፍ ከጨዋነቱም ከውጤቱም አንጻር ይመረጣል። «ጌሙ አልጣመኝም» የሚል ጥያቄ ከገደብ ውጭ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ አይሳካም። «ከተመዘገበው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ውስጥ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃው ያለፈው በሻደር (የምስል ፋይሎች) ማዘጋጃው ስክሪን ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ጌሙ ወደ ዴስክቶፕ ይወጣል፤ የስህተት መልእክቱ ቃል በቃል ይህ ነው፤ ነጂ ፕሮግራሙን (ድራይቨሩን) አድሼ ሞክሬአለሁ» የሚለው ግን የመደብሩ መርማሪ ሊያጣራ የሚችለው ነገር ይዟል። የስቲም ገጽ በአማርኛ ስለማይሠራ ጥያቄው የሚጻፈው በአጭር እንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያው መልስ እምቢታ ቢሆን አዲስ ማስረጃ ጨምሮ እንደገና ማስገባት ይቻላል፤ ያንኑ ቃል መደጋገም ግን አይረዳም። ተመላሽ የሚያበዛ ሰው ዕድሉን ሊነፈግ እንደሚችል ደንቡ ያስጠነቅቃል፣ በማጭበርበር የታገደ ተጫዋችም በዚያ ጌም ላይ መብቱን ያጣል። ቅናሽ ሊጀመር ሲል በሙሉ ዋጋ ገዝቶ መመለስና በቅናሹ መግዛት ግን በደንቡ አላግባብ መጠቀም ተብሎ አይቆጠርም።

የስልክ ጌሞች

በጉግል ፕሌይ የመጀመሪያው የመጠየቂያ ጊዜ 48 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው የሚቀርበው ለጌሙ ሠሪ ነው። ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ለሚፈጽሙት ግዢ የአሜሪካ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 አፕል ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን፣ ጉግል ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልሱ አድርጓል። የ«ፐብጂ ሞባይል» እና የ«ፍሪ ፋየር» ገንዘብ በሰፈር ነጋዴ በኩል በመለያ ቁጥር የተሞላ ከሆነ ግን መደብሩ ገዢውን ስለማያውቀው ክርክሩ የሚቀረው ከነጋዴው ጋር ነው።

የባንክ ክርክርና ሕጉ

ካርድ ያለው ገዢ ክፍያውን በባንኩ በኩል መቃወም ይችላል፤ መደብሮቹ ግን ይህን ሲያዩ አካውንቱን ሊዘጉት ይችላሉ፣ ከዚህ በፊት የተገዙት ጌሞችም አብረው ይታገታሉ። የአሜሪካው ኮሚሽን በዲሴምበር 2022 ኤፒክ ጌምስ ለ«ፎርትናይት» ተጫዋቾች 245 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ሲያስማማ ካነሣቸው ጥፋቶች አንዱ፣ ያልፈቀዱትን ክፍያ የተቃወሙ ደንበኞችን አካውንት መቆለፉ ነበር። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አሉ፤ ሁለቱም በተግባር የሚደርሱት የጊፍት ካርዱን ኮድ በሸጠው የአገር ውስጥ ነጋዴ ላይ ነው። ኮዱ አልሠራም ብሎ ለሚከራከር ሰው የቴሌብሩ የክፍያ ማረጋገጫና ከነጋዴው ጋር የተደረገው የመልእክት ልውውጥ ከሁሉ አስቀድሞ ተይዘው መቆየት አለባቸው፤ ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ነጋዴው ከሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ይችላልና።