«ብረት ከነካው ካንሰር ይሆናል» ላላችሁኝ ሁሉ

የዐይን ቆቡ ላይ እባጭ ያለበት ሰው ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል «ዶክተር፣ ብረት ከነካው ካንሰር ይሆናል አሉኝ» ይለኛል። ማን አለ? ጎረቤት። እኔ ስንት ዓመት የተማርኩት ለከንቱ ነው ማለት ነው።

ካንሰር ያልሆነ እባጭ ቢላ ስለነካው ካንሰር አይሆንም። ወሬው ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። መጀመሪያውኑ ካንሰር የነበረው ዓመታት ይቀመጣል፣ ከዚያ ላይ ላዩን ይቆረጣል፣ ከሥሩ ስላልወጣ ተመልሶ ሲያድግ ጥፋቱ የቢላው ይሆናል። የተቆረጠው ነገር ትንሽም ቢሆን ለፓቶሎጂ ምርመራ (ሥጋው በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት) ይላክ የምንለው ለዚህ ነው። ተላከ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ ቢቆጣም ይቆጣ።

አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። የታችኛው ቆባቸው ጠርዝ ላይ ምስር የምታክል ነገር ነበረች፤ ብረት ፈርተው ባቄላ እስክታክል ጠበቁ። እባጩ ሲወጣ የሚቀረው ክፍተት እስከ ቆቡ ሩብ ድረስ ከሆነ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥመን እንሰፋዋለን፣ አለቀ። የእሳቸው ከዚያ ስላለፈ ከዐይናቸው ጥግ ወደ ጆሮ በኩል ያለውን ቆዳ አላቀን ስበን መሙላት ነበረብን። የምርመራው ውጤት? ካንሰር አይደለም። ያ ሁሉ ስፌት የጎረቤት ምክር ዋጋ ነው።

«ዐይኔ ይጠፋል።» ቆቡን እንጂ ዐይኑን አይደለም የምንቆርጠው።

«ከጭኔ ቆዳ ልትወስዱ ነው?» አይደለም። የቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ ስስ ስለሆነ የሚመሳሰለውን የምናገኘው ከሌላኛው ዐይን የላይ ቆብ ወይም ከጆሮ ጀርባ ነው። ጥገናው ለመልክ ብቻም አይደለም፤ የታችኛው ቆብ ወደ ታች ከተጎተተ ዐይን በደንብ አይከደንም፣ ያለቅሳል፣ ብሌኑ ይደርቃል።

በፈረስ ጭራ ማሰር? ጫፉ ይወድቃል፣ ሥሩ ይቀራል፣ የሚመረመርም ነገር አይኖርም። የቁልቋል ወተት የምትቀቡማ፣ እባካችሁ! ዐይን ውስጥ ከገባ ብሌን ያቃጥላል። ቢላ ፈርቶ ቁልቋል?

ቆቡ ላይ በአፍንጫ በኩል የሚወጣው ቢጫ ስብ ሁሌ የኮሌስትሮል ምልክት ነው ማለትም ልክ አይደለም፤ ግማሽ ያህሉ ሰው ደሙ ደህና ነው። ብትመረመሩ ግን አይከፋም።

«ማርያም የሳመችኝን አላስነካም» የምትሉም አላችሁ። ካላደገች፣ ካልደማች፣ እላይዋ ያለው ሽፋሽፍት ካልረገፈ እኔም አልነካትም።