ኢምፓክት ፋክተር ምንድን ነው? የማንስ ነው?

«ኢምፓክት ፋክተሩ 6.2 የሆነ ጥናት ስላሳተመ እንኳን ደስ አለህ በሉት!» እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ከዩኒቨርሲቲዎች የፌስቡክ ገጽ እስከ ትምህርት ክፍሎች የቴሌግራም ቡድን ድረስ በየጊዜው ይለጠፋል። ደስታው ይገባል። 6.2 ግን የዚያ ጥናት አይደለም፤ ጥናቱ የወጣበት ጆርናል ነው። ጥናቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ማንም አልጠቀሰውም፤ የራሱ ቁጥር ይነገር ከተባለ ዜሮ ነው። 6.2ን ያመጡት ከእሱ በፊት እዚያው ጆርናል ላይ ያሳተሙ፣ ምናልባትም በስም እንኳ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው።

ስሌቱ አጭር ነው። የአንድ ጆርናል የ2024 ኢምፓክት ፋክተር (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሚገኘው፣ በ2022 እና በ2023 ያወጣቸው ሥራዎች በ2024 ውስጥ የተጠቀሱበትን ብዛት፣ በእነዚያው ሁለት ዓመታት ላወጣቸው የምርምርና የዳሰሳ (ሌሎች ጥናቶችን የሚቃኙ) ጽሑፎች ቁጥር በማካፈል ነው። በ2022 40፣ በ2023 60 ጽሑፍ አውጥቶ በ2024 150 ሳይቴሽን (በሌሎች ሥራዎች መጠቀስ) ያገኘ ጆርናል 1.5 ይሆናል። የሚቆጠረው ዌብ ኦፍ ሳይንስ በተባለው መዝገብ ውስጥ ካሉ ሥራዎች የመጣ ሳይቴሽን ብቻ ነው፤ ጉግል ስኮላር ላይ የሚታየው ትልልቅ ቁጥር እዚህ ቦታ የለውም። ውጤቱን በየዓመቱ ጁን ላይ የሚያወጣው ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከማካፈሉ በኋላ ነው። ከ150ዎቹ ሳይቴሽኖች 90ውን አንድ የዳሰሳ ጽሑፍ ብቻውን ወስዶት ቢሆንስ? የቀሩት 99 ጽሑፎች 60ውን ይካፈላሉ፤ አማካዩ ወደ 0.6 ይወርዳል፤ የተጠቀሱት ከ60 ሊበልጡ ስለማይችሉም ቢያንስ 39ኙ ጨርሶ ያልተጠቀሱ ናቸው። 1.5 የሚለው ቁጥር ከመቶዎቹ የአንዱንም መልክ ላያሳይ ይችላል።

100 አባላት ያሉት የሰፈር እድር አስቡ። አንዱ ባለ ፎቅ ነው፤ ሌሎቹ ጡረተኛ፣ አስተማሪ፣ ጉልት ቸርቻሪ። የአባላቱ አማካይ ሀብት ሁለት ሚሊዮን ብር ነው ቢባል ሒሳቡ ላይ ስህተት ላይኖር ይችላል። ትናንት የተመዘገበው አባል ግን ባንክ ሄዶ «የእድሬ አማካይ ሁለት ሚሊዮን ስለሆነ ሁለት ሚሊዮን አለኝ» ብሎ ብድር ቢጠይቅ ይሳቅበታል። በደረጃ እድገት ማመልከቻ ላይ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጎን የጆርናሉን ኢምፓክት ፋክተር ጽፎ፣ ደምሮ፣ «ጠቅላላ 23.7» የሚለው አመልካች ያው ነው የሚያደርገው። የሚደንቀው አመልካቹ አይደለም፤ ድምሩን ተቀብሎ ነጥብ የሚሰጠው ኮሚቴ ነው።

ይህ ለአንዳንድ ጆርናል ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። ቪንሰንት ላሪቪየርና ባልደረቦቹ በ2016 ኔቸርንና ሳይንስን ጨምሮ የ11 ጆርናሎችን የሳይቴሽን ስርጭት አውጥተው ሲያሳዩ፣ በአብዛኛዎቹ ከ65 እስከ 75 በመቶ የሚሆኑት ጽሑፎች ከጆርናላቸው ኢምፓክት ፋክተር በታች ነበሩ። ኔቸር ላይ ማሳተም ማለት በአብዛኛው ከኔቸር አማካይ በታች መጠቀስ ማለት ነው።

ባለ ፎቁ አባል ሲመጣና ሲሄድ ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ አክታ ክሪስታሎግራፊካ ኤ የተባለውን ጆርናል ይመልከት። ጆርጅ ሼልድሪክ በ2008 እዚያ ላይ ስለ ሼልኤክስ ፕሮግራሞች አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ የክሪስታል መዋቅር ለማውጣት በፕሮግራሙ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሁሉ ያንን ጽሑፍ መጥቀስ ጀመሩ። የጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር በ2008 2.051 ነበር፤ በ2009 49.926 ገባ። ጽሑፉ ከሁለት ዓመቱ መስኮት ሲወጣ፣ በ2011፣ ተመልሶ 2 አካባቢ አረፈ። አርታኢዎቹም ገምጋሚዎቹም አልተለወጡም። በ2010 እዚያ ላይ ያሳተመ ሰው «ወደ 50 የሚጠጋ ጆርናል» ብሎ ለኮሚቴ ሊያቀርብ ይችል ነበር፤ ውሸትም አይባልም።

እድሩን ገና አልጨረስንም፤ የሒሳብ ሹሙ አለ። ሹሙ ገንዘቡን ሲሰበስብ ሚስትም ልጅም እንግዳም ያመጣውን ይቀበላል፤ ሲያካፍል ግን ደብተር ላይ ለተመዘገቡት አባወራዎች ብቻ ነው። ኢምፓክት ፋክተርም እንዲሁ ነው። ላዕሉ ላይ ጆርናሉ ያገኘው ሳይቴሽን የጽሑፍ ዓይነት ሳይለይ ይገባል፤ ለርእሰ አንቀጽ፣ ለደብዳቤ፣ ለዜና የተሰጠውም ጭምር። ታሕቱ ላይ ግን የሚቆጠሩት የምርምርና የዳሰሳ ጽሑፎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያ 100 ጽሑፍ ያለው ጆርናል 25 አጫጭር ሥራዎቹን «ደብዳቤ» በሚል ዓምድ ቢያወጣቸውና እንደዚያው ቢመደቡለት፣ አንድም ሳይቴሽን ሳይጨምር 150 ለ75 ተካፍሎ 2.0 ይሆናል። ፕሎስ ሜዲሲን በ2006 ባወጣው ርእሰ አንቀጽ፣ የትኛው ጽሑፍ ታሕቱ ላይ ይቆጠር በሚለው ብቻ የራሱ ኢምፓክት ፋክተር 11 ወይም ከ3 በታች ሊሆን ይችል እንደነበር በግልጽ ጽፏል። መረጃው አንድ ነው፤ ልዩነቱ አካፋዩ ላይ ነው።

አባላት እርስ በርስ ገንዘብ እየተበዳደሩ ገቢ ነው ብለው የሚመዘግቡበት እድርም አለ። ደራሲን «ከጆርናላችን የቅርብ ሁለት ዓመታት ጽሑፎች ብትጠቅስ» ብሎ የሚጠይቅ አርታኢ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ «የቅርብ ሁለት ዓመታት» የምትለዋን ልብ ይሏል። ክላሪቬት ጆርናሉ ራሱን የጠቀሰበት ተቀንሶ የሚገኘውን ቁጥርም ለብቻው ያሳያል፤ በሁለቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ካለ መጠርጠር ነው። ከዚህ የሚከብደው ሁለት ሦስት ጆርናሎች ተስማምተው ሲጠቃቀሱ ነው፤ ሲደረስባቸው የዓመቱ ቁጥር ይታገድባቸዋል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ተከራካሪ አለ። «ቁጥሩ ጎዶሎ ቢሆንም፣ ቁጥር ከሌለ የሚመዝነን ዝምድናና ትውውቅ ነው» ይላል። ስጋቱ የዋዛ አይደለም፤ ኮሚቴ ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ግን ለዝምድና መድኃኒቱ የሌላ ሰው ቁጥር አይደለም። የጽሑፉ የራሱ ሳይቴሽን አለ፤ በመስኩና በወጣበት ዓመት ካሉት ጋር ሊነጻጸር ይችላል። አመልካቹ ሦስት ምርጥ ሥራዎቹን እንዲያቀርብና ከተቋሙ ውጭ ያሉ ሁለት ሰዎች እንዲያነቧቸው ማድረግም ይቻላል። በ2013 የወጣው የሳን ፍራንሲስኮ የምርምር ምዘና መግለጫ፣ ዶራ የሚባለው፣ የጆርናል ቁጥር ለቅጥርና ለእድገት አይዋል የሚለው ለዚሁ ነው። ዩጂን ጋርፊልድና ኧርቪንግ ሼር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህንን ስሌት ሲያበጁም ሐሳባቸው የትኞቹ ጆርናሎች በሳይቴሽን ማውጫቸው ውስጥ ይግቡ የሚለውን መለየት ነበር። ቤተ መጻሕፍትም የትኛውን እንግዛ ለማለት ተጠቀሙበት፤ ለዚያ ደኅና መሣሪያ ነው።

እሺ፣ ጆርናልን ከጆርናል ለማነጻጸርስ? ይቻላል፤ መስክና ዓመት ግን አንድ መሆን አለባቸው። አናልስ ኦፍ ማቲማቲክስ ከሒሳብ ጆርናሎች ቁንጮ ነው፤ ኢምፓክት ፋክተሩ ግን 5 አካባቢ ነው የሚውለው። የሒሳብ ጽሑፍ የሚጠቅሰው ጥቂት ነው፣ ለመታተም ዓመታት ይወስዳል፣ ሳይቴሽኑም የሚመጣው ሁለቱ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። በሌላው ጫፍ በየዓመቱ የአሜሪካን የካንሰር አኃዝ የሚያወጣው ሲኤ የተባለው ጆርናል የ2023 ቁጥሩ 503.1 ነው። የሒሳብ ሊቃውንት ከካንሰር ሐኪሞች መቶ እጥፍ ያንሳሉ የሚል እንደሌለ ተስፋ አደርጋለሁ። ዓመትም ይለዋውጣል፤ ዘ ላንሴት በ2020 79.3፣ በ2021 202.7፣ በ2022 168.9፣ በ2023 98.4 ነበር። ያንን ኮረብታ የሠራው ኮቪድ ነው።

በአንድ መስክ ውስጥም ቢሆን 3.1 ከ2.8 ይበልጣል ብሎ መምረጥ ከንቱ ነው። በዓመት 30 ጽሑፍ የሚያወጣ ጆርናል አካፋዩ 60 ነው፤ አንድ ጽሑፍ 30 ጊዜ ከተጠቀሰ ብቻውን 0.5 ይጨምራል። 10 እና 1 ከሆኑ ግን ልዩነቱ አንድ ነገር ይናገራል። ክላሪቬት ራሱ ከ2023 ጀምሮ ሦስት የነበረውን ከነጥብ በኋላ ያለ አኃዝ ወደ አንድ አውርዶታል።

«ኪው ዋን ነው» (በመስኩ ካሉት ጆርናሎች አንደኛው ሩብ ላይ ነው) የሚለውም መታረም አለበት። የማን ኪው ዋን? አንድ ጆርናል በክላሪቬት ዝርዝር ሁለተኛው ሩብ ላይ ሆኖ፣ ስኮፐስ በተባለው ሌላ መዝገብ መረጃ በሚሠራው የሲማጎ ደረጃ አንደኛው ላይ ሊገኝ ይችላል። በሁለት የትምህርት መስክ የተመደበ ጆርናል ደግሞ በአንዱ አንደኛ፣ በሌላው ሦስተኛ ሩብ ሊሆን ይችላል፤ ድረ ገጹ ላይ የሚለጠፈው የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅትም። መዝገቡ፣ መስኩና ዓመቱ ካልተነገሩ «ኪው ዋን» የሚለው ምንም አልነገረንም።

ሳይትስኮርን «ኢምፓክት ፋክተር» ብሎ መጥራትም ተለምዷል። ሳይትስኮር የአሳታሚው የኤልሰቪየር ነው፤ የሚሠራው ከስኮፐስ ነው፤ ከ2020 ወዲህ የአራት ዓመት ጽሑፎች በእነዚያው አራት ዓመታት ያገኙትን ሳይቴሽን ነው የሚያካፍለው። ለአብዛኞቹ ጆርናሎች ከኢምፓክት ፋክተር ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይሆንም። መስክ ከመስክ ማነጻጸር ግድ የሆነበት ሰው ለዚያ የተሠሩትን ይመልከት፦ የላይደን ዩኒቨርሲቲውን ስኒፕ፣ ወይም የክላሪቬትን ጆርናል ሳይቴሽን ኢንዲኬተር። የኋለኛው 1 ከሆነ የመስኩ አማካይ ላይ ነው ማለት ነው። እነሱም የጆርናል አማካይ ናቸው፤ የእድሩ ነገር አይቀርላቸውም።

ለአገራችን ጆርናሎች አንድ ነገር መጨመር ግድ ነው። የኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን ኢምፓክት ፋክተር አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዜና ልሳን ላይ በአማርኛ የወጣን ጥናት ሌላ የአማርኛ ጥናት ቢጠቅሰው ግን፣ የሚጠቅሰው ዌብ ኦፍ ሳይንስ ውስጥ እስከሌለ ድረስ ሳይቴሽኑ አይቆጠርም፤ መጽሐፍ ሲሆንማ ነገሩ ይብሳል። የቋንቋና የታሪክ ምሁርን በዚህ ቁጥር የሚመዝን ኮሚቴ የሚለካው ሥራውን ሳይሆን መዝገቡ የደረሰበትን ወሰን ነው።

በመጨረሻ ማጣራቱ። ከ2023 በፊት ኢምፓክት ፋክተር ያለው ጆርናል መሆን ራሱ ወንፊት ነበር። በዚያ ዓመት ክላሪቬት በዋናው መዝገቡ ላሉት ሁሉ መስጠት ሲጀምር ከ9,000 በላይ ጆርናሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር አገኙ። ከዚህ ሌላ ስማቸው «ኢምፓክት ፋክተር» በሚል የሚያልቅ፣ በክፍያ ቁጥር የሚያድሉ ድረ ገጾች አሉ፤ አጭበርባሪ አሳታሚዎች ሽፋናቸው ላይ የሚለጥፉት የእነሱን ነው። የጆርናሉን ድረ ገጽ አትመኑ። ባለ 8 አኃዙን የጆርናሉን መለያ ቁጥር፣ አይኤስኤስኤን የሚባለውን፣ ገልብጣችሁ በክላሪቬት ማስተር ጆርናል ሊስት ላይ ፈልጉ፤ በስም አትፈልጉ፣ ስም ይመሳሰላል፣ ይሰረቃልም። ካገኛችሁት እዚያ የተጻፈው የድረ ገጽ አድራሻ ጽሑፋችሁን ልትልኩበት ካሰባችሁት ጋር አንድ መሆኑን አስተያዩ። ለስኮፐስ የራሱ የምንጮች ገጽ በነፃ ይከፈታል፤ የተቋረጡ ጆርናሎች ዝርዝርም አለው። ይህንን ስትልኩ አንድ ጊዜ፣ ክፍያ ስትጠየቁ ደግሞ ሌላ ጊዜ አድርጉት። ከ4 በላይ ኢምፓክት ፋክተር የነበረው፣ በሕዝብ ጤና መስክ ብዙ ሰው የሚያሳትምበት፣ ኤምዲፒአይ የተባለው አሳታሚ ጆርናል በማርች 2023 ከዌብ ኦፍ ሳይንስ ሲወጣ፣ ጽሑፋቸው ግምገማ ላይ የነበረ ደራሲያን ቁጥር ያለው ጆርናል ብለው የላኩት ቁጥር የሌለው ሆኖ ጠብቋቸዋል።