ሲሪንጎማይሊያ ምንድን ነው? ልጅ እጁ ተቃጥሎ ዝም ሲል

ጅማ ውስጥ ቡና ያልተፈላበት ቤት፣ ረከቦቱ ዙሪያ የማይርመሰመስ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። የጋለ ጀበና በመዳፉ ነክቶ ሳይጮኽ የቀረ፣ ቆየት ብሎም መዳፉ ውሃ የቋጠረ ልጅ ካለ «ጠንካራ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። በጥጥ ሲነኩት ይሰማዋል፤ ሙቀትና ሕመሙ ግን አይሰማውም።

ሲሪንጎማይሊያ ማለት ህብለ ሰረሰር፣ ማለትም በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ ውስጥ ፈሳሽ የሞላው ክፍተት መፈጠር ነው። የሕመምና የሙቀት ስሜት የሚያደርሱ ነርቮች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚሻገሩት በህብለ ሰረሰሩ መሃል በመሆኑ፣ ክፍተቱ ሲሰፋ ቀድሞ የሚጎዳው ያንን መሻገሪያ ነው። የንክኪ ስሜት በኋላ በኩል ስለሚያልፍ ይተርፋል።

ዋናው መነሻ ኪያሪ የሚባለው ነው፦ የትንሹ አንጎል ጫፍ በራስ ቅል ቀዳዳ በኩል 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ወደ አንገት ይወርድና አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ከብቦ የሚዘዋወረውን ፈሳሽ መንገድ ያጠባል። ከታች በኩል ተይዞ የተወጠረ ህብለ ሰረሰር፣ ዕጢና ጉዳትም ያመጡታል።

ብዙ ጊዜ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያየው የጀርባ መጣመም ነው። ወጌሻ ቢያሸው ፈሳሹ አይጎድልም። ራጅ መጣመሙን እንጂ ክፍተቱን አያሳይም፤ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው፤ እሱም ከጭንቅላት እስከ ወገብ ሙሉውን። ትንንሽ ልጆች ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ስለማይችሉ የሚያስተኛ መድኃኒት ወይም ሰመመን ይፈልጋሉ። ምልክት የሌለው፣ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን ክፍተት በአብዛኛው ክትትል እንጂ ቢላ አያስፈልገውም።

ቀዶ ሕክምናው የሚያነጣጥረው መነሻው ላይ ነው። ለኪያሪ ከማጅራት በላይ ካለው የራስ ቅል አጥንት 3 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ይነሳል፤ የመጀመሪያው የአንገት አጥንት የኋላ ቅስትም እንዲሁ። ብዙውን ጊዜ የአንጎሉ ሽፋን ተከፍቶ በጥጋኝ ይሰፋል። አጥንቱ በጣም ሰፍቶ ከተነሳ ትንሹ አንጎል ሊንሸራተት ይችላል፤ ከጠበበ ደግሞ ፈሳሹ ይመለሳል። ክፍተቱ ውስጥ ቱቦ ማስገባት የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ህብለ ሰረሰሩን መቅደድ ይጠይቃል፣ ቱቦውም ይደፈናል።

ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይሟሽሻል፤ የጠፋው ስሜት ግን ላይመለስ ይችላል። ከቤት ከገባ በኋላ ቁስሉ ላይ ትራሱን የሚያረጥብ ንጹህ ውሃ ከታየ፣ ወይም ትኩሳትና የአንገት መገተር ከመጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን መመለስ ነው።