የመተንፈሻ አካላት ቫይረሶችን የሚለዩ የላቦራቶሪ ምርመራዎች፦ ንጽጽራዊ ዳሰሳ

ትኩሳት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የጉሮሮ ሕመም ይዞት የመጣን ሰው በዓይን አይቶ ብቻ ያመመው ኢንፍሉዌንዛ ይሁን አርኤስቪ (በተለይ ሕፃናትን የሚያጠቃ የመተንፈሻ ቫይረስ)፣ ኮቪድ ይሁን ተራ ጉንፋን በእርግጠኝነት መናገር ልምድ ላለው ሐኪምም ይከብዳል። ምልክቶቹ ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናውና ጥንቃቄው ግን ይለያያል። ለኢንፍሉዌንዛ የሚታዘዘው ኦሴልታሚቪር ለአርኤስቪ አይረባም፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ የትኛውንም ቫይረስ አይገድልም። መለየቱ የላቦራቶሪ ሥራ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ምርመራዎቹን «ጥሩ» እና «ደካማ» ብሎ መደርደር የተለመደ ቢሆንም ያሳስታል፤ ምክንያቱም የሚፈልጉት ነገር አንድ አይደለም። ፒሲአር የቫይረሱን ዘረመል ይፈልጋል፤ የአንቲጂን ምርመራ ፕሮቲኑን፤ ካልቸር (ቫይረሱን በላቦራቶሪ ማሳደግ) በሕይወት ያለውን ቫይረስ ራሱን፤ የአንቲቦዲ ምርመራ ደግሞ ሰውነት ለቫይረሱ የሰጠውን ምላሽ። በአንድ ሰው ላይ በአንድ ቀን ተሠርተው አራቱም የተለያየ ውጤት ሊያወጡ፣ አራቱም ደግሞ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

ናሙናው

ንጽጽሩ ከመሣሪያው በፊት ከናሙናው ይጀምራል። የትኛውም ምርመራ ስዋቡ (ናሙና የሚወሰድበት ቀጭን ዘንግ) ይዞ ያልመጣውን ቫይረስ አያገኝም። እነዚህ ቫይረሶች የሚራቡት የመተንፈሻ መንገድን ውስጠኛ ግድግዳ በሸፈኑት ሴሎች ውስጥ ስለሆነ የሚፈለገው ንፍጡ ብቻ ሳይሆን ሴሎቹም ናቸው። ከአፍንጫ ጀርባ ናሙና ሲወሰድ ስዋቡ ሽቅብ ወደ ግንባር ሳይሆን ከላንቃ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ኋላ ይገባል፤ አልገባም ሲል ጥቂት ሰከንድ ይቆያል፣ በቀስታ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ይወጣል። ታማሚው ዓይኑ እንባ ማቅረሩ፣ ራሱን ወደ ኋላ ማሸሹ ያለ ነው። ባለሙያው አዝኖለት ግማሽ መንገድ ላይ ካቆመ ግን የሚመጣው «ኔጋቲቭ» እምነት አይጣልበትም።

የስዋቡ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። የእንጨት እጀታ ያለው ወይም ጫፉ ከካልሲየም አልጂኔት የተሠራ ስዋብ የፒሲአርን ሂደት ሊያውክ ስለሚችል አይመከርም። ናሙናው በቫይረስ ማጓጓዣ ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ ከ72 ሰዓት በላይ የሚዘገይ ከሆነ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል።

ከየት ተወሰደ የሚለውም ይታያል። ሕመሙ ወደ ሳንባ ከወረደ አፍንጫው ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መርስ በተባለው የኮሮና ቫይረስ በሽታ ታማሚዎች ላይ አክታና ከሳንባ የተወሰደ ፈሳሽ ከአፍንጫ ናሙና የበለጠ ቫይረስ ይዘው ተገኝተዋል። ስለዚህ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለ ሰው የአፍንጫ ስዋቡ ኔጋቲቭ ስለሆነ ብቻ ነገሩ ተዘጋ አይባልም።

ካልቸር

የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1933 ሲሆን፣ ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሪውስና ፓትሪክ ሌይድሎው የታማሚ ጉሮሮ እጥበት ፌሬት ለተባለች ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ሰጥተው ማሳመም በመቻላቸው ነው። ቆይቶ እንስሳው በጫጩት ሽል በያዘ እንቁላል፣ ኋላም በላቦራቶሪ በሚያድጉ ሴሎች ተተካ። ለኢንፍሉዌንዛ እስካሁን የሚያገለግለው ኤምዲሲኬ የተባለው የሴል ዘር መነሻው የውሻ ኩላሊት ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ናሙናው በሴሎቹ ላይ ይፈስሳል፣ ኢንኩቤተር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በየቀኑ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቫይረስ ካለ ሴሎቹ ይኮማተራሉ፣ ከብርጭቆው ይላቀቃሉ፤ አርኤስቪ ከሆነ ጎረቤት ሴሎችን እያዋሐደ ብዙ ኒውክሊየስ ያለው ትልቅ ሴል ይሠራል። ይህ ከ3 እስከ 10 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ናሙናውን በሴንትሪፉጅ ኃይል ወደ ሴሎቹ የሚያስጠጋው የሼል ቫያል ዘዴ ጊዜውን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ወደሚሆን አሳጥሮታል። ያም ሆኖ ታማሚው አልጋ ላይ እያለ የሚደርስ መልስ ብዙም አይደለም። ደግሞም ሁሉም ቫይረስ በካልቸር አይበቅልም፤ ሂዩማን ሜታኒሞ ቫይረስ የተባለው የመተንፈሻ ቫይረስ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ድረስ ሳይታወቅ የቆየበት አንዱ ምክንያት በተለመዱት ሴሎች ላይ እየተንቀረፈፈ ማደጉ ነው። እንደ ሳርስ ኮቭ 2 (የኮቪድ ቫይረስ) ያሉትን ማሳደግ ደግሞ ደረጃ ሦስት የተባለ ከፍተኛ ጥንቃቄ ያለው የደኅንነት ላቦራቶሪ ይጠይቃል።

ታዲያ ለምን አልተጣለም? ቫይረሱ በሕይወት መኖሩን በቀጥታ የሚያሳይ ሌላ ምርመራ ስለሌለ ነው። ለክትባት የሚመረጡ የኢንፍሉዌንዛ ዝርያዎችን ለመያዝ፣ መድኃኒት የተለማመደ ቫይረስን ለመፈተን ካልቸር አሁንም ያስፈልጋል።

በካልቸርና በፒሲአር ዘመን መካከል የፍሎረሰንስ ምርመራ ሰፊ ቦታ ነበረው። ከአፍንጫ የተገኙ ሴሎች ስላይድ ላይ ተቀብተው የሚያበራ ቀለም በተለጠፈበት አንቲቦዲ ይነከራሉ፤ የተያዘ ሴል በማይክሮስኮፕ ሥር አረንጓዴ ያበራል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል፤ በስላይዱ ላይ በቂ ሴል መኖር አለመኖሩንም ያሳያል። ጥሩነቱ ግን እንደ ተመልካቹ ዓይን ነው።

ፒሲአር

ኬሪ መሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሰበውና በ1993 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ፒሲአር ዛሬ የሌሎቹ መለኪያ ሆኗል። አብዛኞቹ የመተንፈሻ ቫይረሶች ዘረመላቸው አርኤንኤ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል፤ ከዚያ የተመረጠው ቁራጭ በእያንዳንዱ የሙቀት ዙር ወደ እጥፍ ይባዛል። 40 ዙር ከተሄደ ከጥቂት ቅጂ የተነሳው ነገር ለመሣሪያው በግልጽ ይታያል። ቅጂው ሲበዛ መሣሪያው የሚያነበው ብርሃን ይጨምራል፤ ብርሃኑ ከተቀመጠለት ወሰን ያለፈበት ዙር ሲቲ ይባላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ናሙናው ውስጥ የነበረው ዘረመል ብዙ ነበር ማለት ነው። የ3.3 ዙር ያህል ልዩነት በግምት የ10 እጥፍ ልዩነት ነው። ይሁንና ሲቲ 24 ያወጣ አንድ ላቦራቶሪና ሲቲ 28 ያወጣ ሌላ ላቦራቶሪ ስለ ቫይረሱ መጠን ተለያዩ ብሎ መደምደም አይቻልም። ኪቱ (የምርመራው ዕቃዎች ስብስብ)፣ የተመረጠው ጂን፣ የስዋቡ አወሳሰድ ሁሉ ቁጥሩን ያንቀሳቅሱታል።

የፒሲአር ድክመት ከብርታቱ ይመነጫል። በጣም ጥቂት ቅጂ የሚይዝ ምርመራ ከአንድ ቱቦ ወደ ሌላው የተረጨ ጠብታም ይይዛል። ሪኤጀንት (ለምርመራው የሚያስፈልግ ኬሚካል) የሚዘጋጅበት፣ ናሙና የሚከፈትበትና የተባዛው ውጤት የሚያዝበት ክፍል የሚለያየው፣ ሠራተኛውም ከንጹሑ ወደ ተበከለው እንጂ ወደ ኋላ የማይመለሰው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ዘረመሉ ቫይረሱ ከሞተ በኋላም ይቆያል፤ ከኮቪድ አገግሞ ሳምንታት ያለፉት ሰው ለማንም ሳያስተላልፍ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ ሲለወጥም ምርመራው ሊስተው ይችላል፦ አልፋ የተባለው የኮሮና ዝርያ ስፓይክ የተባለውን የላይኛው ገጽ ፕሮቲን በሚሠራው ጂኑ ላይ ባጣው ቁራጭ ምክንያት አንዳንድ ኪቶች ያንን ጂን ማየት አቅቷቸዋል። ኪቶቹ ሌሎች ጂኖችንም ይፈልጉ ስለነበር ታማሚዎቹ አላመለጡም፤ እንዲያውም የጎደለው ምልክት ዝርያውን ለመከታተል ረዳ። ሁለትና ሦስት ቦታ መፈለግ ቅንጦት አይደለም።

ዛሬ ናሙናው በአንድ ካርትሬጅ (የተዘጋ አነስተኛ ዕቃ) ውስጥ ገብቶ በአንድ ሰዓት ገደማ የሚያልቅባቸው መሣሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ 20 ገደማ ተሕዋስያንን በአንድ ጊዜ ይፈልጋሉ። መልሱ ሲበዛ ግን ትርጉሙ ይወሳሰባል። የተራ ጉንፋን ቫይረስ የሆነው ራይኖ ቫይረስ ምንም በማያማቸው ሕፃናት አፍንጫም ይገኛል፤ መገኘቱ ብቻ የሳንባ ምቹን እሱ አመጣው አያሰኝም። ሙቀቱን ሳይለዋውጥ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ዘረመልን የሚያባዛው ላምፕ የተባለ ዘዴ ደግሞ ቀለል ያለ መሣሪያ ይበቃዋል።

የአንቲጂን ፈጣን ምርመራ

የናሙናው ጠብታ የምርመራው ወረቀት ላይ ሲወርድ እየተሳበ ይሄዳል፤ በመንገዱ ቀለም የተሸከሙ አንቲቦዲዎችን ያነሣል፤ የቫይረሱ ፕሮቲን ካለ ከነቀለሙ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይያዛል። ሁለተኛው የቁጥጥር መስመር የሚናገረው ፈሳሹ እስከ መጨረሻ መሄዱንና ኪቱ መሥራቱን ነው። ብዙ ሰው «ምርመራው በትክክል ተሠርቷል» ብሎ ያነብበዋል፤ ስዋቡ ግን አፍንጫ ውስጥ ጨርሶ ባይገባም ያ መስመር ይወጣል። በብዙ የፒሲአር ኪቶች የሰው ጂን አብሮ ስለሚፈለግ ባዶ ናሙና ይጋለጣል፤ በዚህኛው ግን አይታወቅም።

ውጤቱ በ15 እና በ30 ደቂቃ መካከል ይነበባል። ከተወሰነለት ሰዓት አሳልፎ ማንበብ ወረቀቱ ሲደርቅ በሚታይ ደብዛዛ ጥላ ያሳስታል። ፕሮቲኑ እንደ ዘረመል ስለማይባዛ ምርመራው ብዙ ቫይረስ ይፈልጋል። የቆዩት የኢንፍሉዌንዛ ፈጣን ምርመራዎች ከታመሙት ከ50 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዙ ነበር፤ ፖዘቲቭ ሲሉ ግን ብዙም አይሳሳቱም። የዓለም ጤና ድርጅት ለኮቪድ አንቲጂን ኪቶች ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት ከታመሙት ቢያንስ 80 በመቶውን መያዝ፣ ካልታመሙት ቢያንስ 97 በመቶውን ነጻ ማለት ነው። ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚያ በኋላ ካለው ጊዜ ይሻላል፤ ኢንፍሉዌንዛን በተመለከተ በልጆች ላይ ከአዋቂዎች ይሻላል፣ ልጆች ብዙ ቫይረስ ስለሚያወጡ።

ኪቱ ሳይለወጥ የውጤቱ ተዓማኒነት እንደ ወረርሽኙ ስርጭት ይለወጣል። 80 በመቶ የሚይዝና 98 በመቶ ነጻ የሚል ኪት በሺህ ሰው ላይ ይሠራ እንበል። በሽታው በተስፋፋበት ሰሞን 300ው ቢያዙ 240ው ይገኛሉ፣ 14 ጤነኞች በስሕተት ፖዘቲቭ ይባላሉ፤ ፖዘቲቭ ማለት እዚህ ከሞላ ጎደል እውነት ነው። የተያዙት 10 ብቻ ከሆኑ ግን 8ቱ ሲገኙ ወደ 20 የሚጠጉ ጤነኞች አብረው ይቆጠራሉ፤ ከፖዘቲቮቹ አብዛኞቹ አልታመሙም። ኔጋቲቩ በተቃራኒው ነው፦ በወረርሽኝ መካከል ምልክት ያለበት ሰው ኔጋቲቭ ከወጣ በፒሲአር ቢደገም ይመረጣል።

አንቲቦዲ

የደም ምርመራው ለዛሬው ሕመም ብዙ አይጠቅምም። አንቲቦዲ ለመታየት ቀናትና ሳምንታት ስለሚፈጅ አስተማማኙ መንገድ ሁለት ናሙና፣ አንዱን ሲታመም ሌላውን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ወስዶ አራት እጥፍ መጨመሩን ማየት ነው፤ ያኔ ታማሚው ወይ ድኗል ወይ ተባብሶበታል። ዋጋው ቫይረሱ በሕዝብ ውስጥ ምን ያህል እንደተሰራጨ ሲጠና ነው። በኮቪድ ላይ የስፓይክ አንቲቦዲ ከክትባትም ስለሚመጣ፣ ስፓይክን ብቻ የሚያስተዋውቅ ክትባት የወሰደ ሰው በቫይረሱ መያዙን ለመለየት ኒውክሊዮካፕሲድ በተባለው ፕሮቲን ላይ ያለው አንቲቦዲ ይታያል።

ለማን የቱ?

ሆስፒታል ለተኛ ሰው ኢንፍሉዌንዛ ሲጠረጠር ከአንቲጂን ይልቅ ፒሲአርና መሰሎቹ ይመረጣሉ፤ መድኃኒቱ ግን ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም፣ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚጠቅመው። ታማሚው ዛሬ ቫይረሱን ለሌላ ሰው ያስተላልፋል ወይ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ አንቲጂን በሁለት ቀን ልዩነት ደግሞ መሥራት ከአንድ ዘግይቶ ከሚደርስ ፒሲአር የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አስቸጋሪው የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ታማሚ ነው። የአካል ንቅለ ተከላ የተደረገለት ወይም የደም ካንሰር ያለበት ሰው ከወር በላይ በፒሲአር ፖዘቲቭ ሆኖ ሲቆይ የሞተ ዘረመል ይሁን ገና የሚራባ ቫይረስ ሲቲው ለብቻው አይመልስም። እንዲህ ባለ ጊዜ ተከታታይ ናሙናዎች ይወሰዳሉ፣ ሲቲው እየጨመረ መሄዱ ይታያል፣ አንቲጂን አብሮ ይሠራል፤ አቅሙ ያለው ላቦራቶሪም ናሙናውን ካልቸር ላይ ያስቀምጠዋል።