የአርቪ ቁም ሳጥን፦ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮችና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ሰመር ሲመጣ አርቪ (አልጋና ማብሰያ ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት) ተከራይተው ከነልጆቻቸው የሚዞሩ ሀበሾች አሉ፣ ትሬለር (በመኪና የሚጎተተውን አርቪ) ገዝተው እዛው የሚኖሩም አሉ፣ እና ሁሉም ጋ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፣ ልብሱን የት እናድርገው? ችግሩ ምንድነው፣ ብዙ ሰው ቤት ውስጥ የለመደውን አሰራር እንዳለ ይዞ ይመጣል። የአርቪ ክሎዜት (ቁም ሳጥን) ግን ከቤቱ የሚለየው በትንሽነቱ ብቻ አይደለም። መንገድ ላይ ይናጣል፣ ግድግዳው ይረጥባል፣ የሚሸከመው ክብደትም ልክ አለው።

«ቦታ እስካለ ድረስ መጫን ይቻላል»

ይሄ በጣም የሚያሳስበኝ ነው ምክንያቱም ነገሩ የልብስ ሳይሆን የደህንነት ጉዳይ ነው። ትሬለራችሁ በር አካባቢ ስንት ፓውንድ እቃ መጫን እንደሚቻል የተጻፈበት ስቲከር አለ፣ ፈልጋችሁ አንብቡት። እዛ ቁጥር ውስጥ ደሞ ውሃውም ይቆጠራል። አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ገደማ ስለሚመዝን 40 ጋሎን ታንክ ከሞላችሁ ከ330 ፓውንድ በላይ በውሃ ብቻ አለቀ ማለት ነው፣ ከዛ ድስቱ፣ ወንበሩ፣ የልጆቹ ሳይክል ምናምን ሲጨመር ለልብስ የሚተርፈው ከምታስቡት በጣም ያነሰ ነው። ጂንስ፣ ጃኬትና ቡትስ ለአራት ሰው ሲደመር ቀላል አይደለም።

የት እንደምታስቀምጡትም ወሳኝ ነው። ተራ ትሬለር ሲጎተት ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 ፐርሰንቱ ሂቹ (ከሚጎትተው መኪና ጋር የሚያያዝበት) ላይ ማረፍ አለበት፣ ክሎዜቱ ከኋላ በኩል ሆኖ ከባድ ከባዱን እዛ ካጨቃችሁት ፊቱ ይቀልና ሃይዌይ ላይ ከኋላ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ይሄ ደሞ መኪናውንም ይዞ ሊገለብጥ የሚችል ነገር ነው። ስለዚ ከባዱን ዝቅ አድርጋችሁ ጎማዎቹ አካባቢ፣ ከላይ ያሉት ካቢኔቶች ውስጥ ቲሸርትና የውስጥ ልብስ ብቻ።

«ቫክዩም ባግ ካለ ሁሉም ይገባል»

ይገባል፣ ግን ቫክዩም ባግ የሚያወጣው አየሩን ነው እንጂ ኪሎውን አይደለም። ደሞ ትንሽ እርጥበት ያለው ልብስ ከታሸገበት ስትከፍቱት ሽታው አይጣል ነው። ዳውን (የወፍ ላባ የተሞላ) ጃኬት ለወራት ተጨምቆ ከቆየ ሙቀት የሚይዘው ነፍቶ ስለሆነ ሙቀቱን ያጣል። ወቅቱ ላለፈ ሹራብ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ጥሩ ነው።

«ልብሱ ከሻገተ ጣራው ያፈሳል ማለት ነው»

ሊያፈስ ይችላል፣ መጀመሪያ እሱን አረጋግጡ። ግን ምንም ሳያፈስም ይሻግታል! ሰው ሲተነፍስ እርጥበት ያወጣል፣ ሽሮው ሲንተከተክ ያወጣል፣ እርጥብ ፎጣ ያወጣል፣ የምድጃው ፕሮፔን ራሱ ሲነድ የውሃ ተን ይፈጥራል። ያ ሁሉ ሞቃት አየር ክሎዜት ውስጥ ገብቶ ቀዝቃዛውን የውጭ ግድግዳ ሲነካ ጤዛ ይሆናል፣ በሩ ዝግ ስለሆነ አየር አይዘዋወርም፣ ልብሱ ደሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ በቃ ሻጋታው መጣ።

ስለዚ ልብሱን ከግድግዳው ሁለት ሦስት ጣት ያህል አርቁት፣ ስታበስሉ ፋኑን ክፈቱ፣ ብርድ ሲሆን ማታ ማታ የክሎዜቱን በር ገርበብ አድርጋችሁ ተኙ። የእርጥበት መለኪያ ርካሽ ነው፣ አንድ ግዙ፣ የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 ፐርሰንት በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 ይሁን ነው የሚለው። እርጥበት የሚመጥጡት የካልሲየም ክሎራይድ ባልዲዎች ይሰራሉ ግን የሚያጠራቅሙት ጨዋማ ውሃ መንገድ ላይ ልብስ ላይ ይደፋል፣ ብረትም ይበላል፣ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት አውጡት። ጋቢ ያላችሁ ደሞ፣ ለአርቪ ብርድ እንደሱ ያለ የለም፣ ግን አራት ድርብ ጥጥ ስለሆነ እርጥበት ይጠጣል ለመድረቅም ጊዜ ይፈልጋል፣ ክሎዜት ጥግ ከምትወትፉት አልጋው ላይ ተዘርግቶ ይዋል።

«ናፍታሊን ጣል ማድረግ ነው»

ይሄን ከሀገር ቤት ነው ይዘን የመጣነው፣ እናቶቻችን ሳጥን ውስጥ ሲያደርጉ ስላየን ምንም አይመስለንም። ናፍታሊን ግን ፀረ ተባይ መድሃኒት ነው፣ የሚሰራውም ወደ ጋዝ እየተቀየረ ነው፣ አጠቃቀሙ ላይ የሚጻፈውም በጥብቅ በተዘጋ እቃ ውስጥ አድርጉት ነው። አርቪ ውስጥ ክሎዜቱና አልጋው መሃል ስንት እርምጃ አለ? ሌሊቱን ሙሉ እሱን ስትተነፍሱ ነው የምታድሩት። ሕጻናት ከረሜላ መስሏቸው ሊበሉትም ይችላሉ፣ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም እጥረት ያለበት ልጅ ላይ ደሞ ቀይ የደም ሴሎቹን ሊያፈርስ ስለሚችል እባካችሁ ልጅ ያለበት ትሬለር ውስጥ አታድርጉ።

ደሞ ብል የሚወደው ሱፍ፣ ጸጉርና ሐር ነው፣ ታጥቦ የተቀመጠ ጥጥ አይፈልግም። ስለዚ ለነጠላና ለጋቢ ብላችሁ ናፍታሊን ማስገባት ከመጀመሪያውም አያስፈልግም። የሱፍ ኮትና ሹራብ ካለ አጥባችሁ አድርቃችሁ ክዳኑ ግጥም የሚል ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርጉት፣ ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

«ዘንግ እስካለ ድረስ ልብስ ይሰቀላል»

የአዋቂ ሀንገር ስፋቱ 43 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ የቤት ክሎዜት ደሞ 60 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት አለው፣ አርቪ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። ሀንገር ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። በሩ እየገፋ የሚዘጋ ከሆነ የልጆች ሀንገር ሞክሩ፣ ካልሆነም ዘንጉን አንስታችሁ መደርደሪያ አድርጉበት፣ ለጠባብ ቦታ ብዙ ጊዜ መደርደሪያው ይሻላል። መንገድ ላይ ሀንገሮቹ ዘለው እንዳይወርዱ የቧንቧ መሸፈኛ ፎም በጎኑ ተሰንጥቆ የሚሸጥ አለ፣ ቆራርጣችሁ ዘንጉ ላይ በየሀንገሩ መሃል አልብሱት፣ ዋጋው ምንም አይደለም።

የሀበሻ ቀሚስ እዛ ውስጥ አትስቀሉ፣ ረጅም ስለሆነ ታች ይጎተታል፣ ጥልፉም ሲናጥ ከግድግዳው ጋር ይታሻል። ጥልፉን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ በንጹህ አንሶላ ጠቅልላችሁ ከአልጋ ስር ባለው ቦታ ጠፍጣፋ አስቀምጡት።

«ግድግዳው ላይ መስቀያ መምታት ነው»

ግድግዳው ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ነው፣ ከኋላው ፎምና ሽቦ ነው ያለው፣ ብሎን አይዝም፣ ሽቦውን ከነካችሁ ደሞ ሌላ ጣጣ ነው። የሚለጠፉት መስቀያዎች ይሻላሉ ግን ቦታውን በአልኮል ጠርጉና ለጥፋችሁ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቁ ከዛ ስቀሉ፣ በበጋ ሙቀት ደሞ ሊለቁ ስለሚችሉ ከባድ ነገር አትስጧቸው። ክሎዜቱ ታች የማሞቂያው አየር መሳቢያ ወንፊት ካለ በጫማ እንዳትዘጉት፣ አየር ካጣ ከልክ በላይ ይግልና ራሱን ያጠፋል።

«የአንድ ወር ጉዞ የአንድ ወር ልብስ ይፈልጋል»

አይፈልግም። ብዙ ካምፕግራውንድና ትልልቅ ትራክ ስቶፖች ላይ ሎንደሪ አለ፣ በየሳምንቱ ማጠብ ይቻላል፣ ስለዚ ለአንድ ሳምንት የሚሆን ያዙና አንድ የብርድ አንድ የዝናብ ጨምሩ። ትራክ ስሊፐር (ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ያለው መኝታ) ውስጥ የሚኖሩ ወንድሞቻችን ከማናችንም በላይ ይሄን ያውቁታል። የቆሸሸውን ግን መልሳችሁ ክሎዜት ውስጥ አትክተቱ፣ ላብ ያለበት ልብስ እርጥበት ይዞ ነው የሚገባው፣ አየር በሚያሳልፍ ከረጢት አድርጋችሁ ሻወሩ ውስጥ አንጠልጥሉት፣ ስትታጠቡ ብቻ ታወጡታላችሁ።